ለአገር ቤት ይበቃል

«ሰመር ታየር» የሚለውን ወደ አማርኛ መልሱ ብዬ የቀድሞ ተማሪዎቼን ብፈትን፣ አብዛኞቹ ሳያመነቱ «የበጋ ጎማ» ብለው እንደሚጽፉ አልጠራጠርም። እኔም ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ኤክስ አደርግባቸው ነበር። ፈረንጆቹ «ሰመር» የሚሉት እኮ ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን ነው። ያ ወቅት እኛ ዘንድ ክረምት ነው፤ ዶፍ የሚወርድበት፣ ቱቦው ሞልቶ አስፋልቱ ወንዝ የሚሆንበት። እሺ፣ «የክረምት ጎማ» እንበለው? እሱም አይሆንም። እንዲያ ካልን ፈረንጆቹ ለበረዶና ለውርጭ ብለው የሠሩትን ሌላ ጎማ ማለታችን ይሆናል። እንግዲህ ተርጓሚ ይቸገር!

ይህን ሳነሳ «ሰውዬው ምን ነካው? ስለ ልቦለድና ስለ ግጥም ሲያወራን ኖሮ አሁን ደግሞ ጎሚስታ ሊሆንብን ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ይቺ የትርጉም ጣጣ ስትጀምር ቀላል ትመስላለች፤ መጨረሻዋ ግን ነፍስ ላይ ነው የሚያርፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎማ «ሰመር»ነት ከዝናብ መኖርና አለመኖር ጋር አይገናኝም፤ ከሙቀት ጋር ነው የሚገናኘው። የዚህ ጎማ ላስቲክ የተቀመመው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ አየር ውስጥ ለስለስ ብሎ መንገዱን ጨብጦ እንዲይዝ ነው። ብርዱ ከዚያ በታች ሲወርድ ላስቲኩ እየጠጠረ ይሄድና መጨበጡን ይተዋል። ውርጩ በጣም ሲጠና ጭራሽ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው በኅዳር ያወልቀውና በሚያዝያ መልሶ ያስገጥመዋል። አዲስ አበባ ግን ከኅዳርና ከታኅሣሥ ንጋት ውርጭ በስተቀር ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ጎማ የተመቸች ከተማ ናት። ሐምሌንም ጨምሮ። እንዲያውም ጎማው ጎማነቱ የሚፈተነው በሐምሌ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ፣ የእህቴ ልጅ ቤት ሰንብቼ ነበር። ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት አካባቢ ነው፤ እንጀራውም፣ በርበሬውም፣ ሐሜቱም አይጠፋም። ልጁ ጎልፍ ጂቲአይ ይነዳል። የልብ ጓደኛውም ያንኑ መኪና፣ ያንኑ ሞዴል፣ በሌላ ቀለም ገዝቷል። ሁለቱ በሁሉ ነገር ይስማማሉ። በጎማ ብቻ አይስማሙም።

ጓደኛው ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ አስገጥሟል። የእኔው ደግሞ እኔ በደረስኩ ማግስት አሮጌዎቹን አውልቆ ኮንቲኔንታል ኤክስትሪምኮንታክት ስፖርት 02 የሚባለውን አስገጠመ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ሰላም የለም። ቡና ሲፈላ ጎማ፣ ዶሮ ሲቀርብ ጎማ፣ ስንሰነባበት በር ላይ ቆመን ጎማ። ፖለቲካ የሰለቸው ሐበሻ መከራከሪያ ያጣል ያለ ማን ነው?

«ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ ጓደኛው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ፈተና አርመዋል አይደል?»

«ስለ ጎማ ግን አንድም ጥያቄ አውጥቼ አላውቅም።»

«ማረም ያው ማረም ነው።»

ልጁ ያለው ትክክል ነበር። ቁጢጥ ብዬ የጎማዎቹን ጎን ሳይ፣ ጎማ ለካ የሚነበብ ነገር ነው! «225/40» ይላል። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ። ቀጥሎ ያለው 18 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ከዚያ ጎማው የሚሸከመውን ክብደት የሚያመለክት ቁጥር ይመጣል፤ ከጎኑ ደግሞ «ዋይ» የምትል ፊደል አለች። «ዋይ» ማለት ጎማው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ድረስ ይችላል ማለት ነው። ከተማዋን ክብ ሠርቶ የሚያልፈው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ የሚሉት፣ በአብዛኛው ክፍሉ የሚፈቅደው 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ነው። የቀረውን 212 ኪሎ ሜትር ለምን እንደገዙት ጠየቅኳቸው። ሁለቱም ሳቁ እንጂ አልመለሱልኝም።

የአሜሪካ ሕግ ደግሞ በጎማው ጎን ላይ ሦስት ውጤቶች እንዲጻፉ ያስገድዳል፤ የዕድሜ፣ የመጨበጥና ሙቀት የመቋቋም። በዕድሜ ሚሽሊኑ 300፣ ኮንቲኔንታሉ 340 አላቸው። 100 የሚል ውጤት የተሰጠው መነሻ ጎማ አለና 300 ማለት የዚያን ሦስት እጥፍ ይቆያል እንደማለት ነው። ጓደኛሞቹ በዚህች 40 ነጥብ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ከርመዋል። ሆኖም ፈተናውን የሚፈትነው መንግሥት አይደለም፤ አምራቹ ራሱ ይፈትናል፣ ራሱ ያርማል፣ ራሱ ውጤቱን ይጽፋል። ተማሪ የራሱን ወረቀት ሲያርም ምን እንደሚሆን ለእኔ መንገር አያስፈልግም። በመሆኑም የአንዱ ፋብሪካ 300 እና የሌላው ፋብሪካ 340 ጎን ለጎን የሚቆሙ ቁጥሮች አይደሉም። ሁለቱም ለገዢ የገቡት ዋስትና እኩል ነው፤ 30 ሺህ ማይል፣ ማለትም 48 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል።

በመጨበጥ ሁለቱም ከፍተኛውን ውጤት፣ ድርብ «ኤ» አግኝተዋል። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ምክንያቱም ይህ ውጤት የሚለካው ደረቅ መንገድ ላይ አይደለም። እርጥብ አስፋልትና እርጥብ ኮንክሪት ላይ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው የሚለካው። እንግዲህ «ሰመር» ለተባለው ጎማ ትልቁ ፈተና ዝናብ ነው ማለት ነው።

ስለ ኩባንያዎቹም ትንሽ ልበል፤ ታሪክ ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኮንቲኔንታል በ1871 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሐኖቨር ከተማ የተመሠረተ ነው። ሚሽሊን ደግሞ በ1889 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ክሌርሞን ፌራን ሁለት ወንድማማቾች ያቋቋሙት ነው። የምግብ ቤቶችን ኮከብ የሚያድለው ዝነኛ መመሪያ የእነዚሁ የጎማ ሰዎች ሥራ ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. ሲጀምሩት ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ሰው መኪናውን አስነስቶ ብዙ ከተጓዘ ጎማ ይጨርሳል፣ ጎማ ከጨረሰ ይገዛል። ከዚህ በላይ ምን ብልሃት አለ!

ወደ ፍርዱ ስመለስ፣ በሁለቱም መኪና ተሳፈርኩ። በደረቅ መንገድ ሚሽሊኑ መሪውን ገና ነካ ሲያደርጉት ይታዘዛል፤ ታዛዥ ብቻ ሳይሆን ፈጣን ተማሪ ነው። ጎኑን በእጅ ሲዳስሱት ደግሞ ከፋይ የመሰለ ልስላሴ አለው፤ ፈረንሳዮቹ ለመልክም ተጨንቀዋል። ኮንቲኔንታሉ ጎርበጥ ያለ መንገድ ላይ ለወገቤ ይራራል። ዋጋውም ከሚሽሊኑ ረከስ ይላል። ቅዳሜ ዕለት ዝናብ ጣለና ሁለቱ ጎረምሶች አንድ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ይዘውኝ ሄዱ። በ30 ማይል ፍጥነት እየመጡ ፍሬን ይይዛሉ፤ እኔ ጃንጥላ ይዤ ቆሜ የቆሙበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አደርጋለሁ። መጀመሪያ አንደኛው በአንድ እርምጃ ቀድሞ ቆመ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሌላኛው ቀደመ። ሦስተኛው ዙር ላይ እኔ በረደኝ።

ፍርዴን እቤት ገብተን ሰጠሁ። ሁለቱም «ኤ» አግኝተዋል። መሪ ጨብጦ መንገዱን እንደ መጽሐፍ መስመር በመስመር ማንበብ ለሚወድ ሰው፣ ሚሽሊን። የሦስት ዓመት ልጅ ከኋላ አስሮ በዝናብ ለሚመላለስና ኪሱንም ለሚያስብ ሰው፣ ኮንቲኔንታል። የእህቴ ልጅ የሦስት ዓመት ልጅ አለችውና አሸነፍኩ ብሎ ጮኸ።

ኮንቲኔንታሉን ያስወደደኝ ሌላም ነገር ነበር። በጎማው ፊት ላይ፣ መንገዱን በሚነካው ገጽ ላይ፣ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጸውበታል፤ «ዲ»፣ «ደብሊው» እና «ቲ»። «ዲ» የደረቅ፣ «ደብሊው» የእርጥብ፣ «ቲ» ደግሞ ጎማው ሙሉ ብቃቱ ላይ ያለ መሆኑ ምልክት ናት። ጎማው እየተበላ ሲሄድ ፊደላቱ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። «ደብሊው» ከጠፋች ጎማው «ከእንግዲህ በዝናብ አትመኑኝ» ማለቱ ነው። ፊደል ሳስተምር ኖሬ፣ በመጥፋቷ የምትናገር ፊደል ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ለምን በዝናብ እንደማይታመን ለመረዳት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ስፋቱ 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ጎማ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በአንድ ሴኮንድ 15 ሊትር ያህል ውሃ ከፊቱ ማስወገድ አለበት። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ማለት ነው፤ አንድ ጎማ ብቻውን! ያንን ውሃ የሚያሾልኩት በጥርሱ መካከል ያሉት ቦዮች ናቸው። ጥርሱ ሲያልቅ ቦዩ ይደፈናል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ጎማውን ከመንገዱ ያነሳዋል። ያኔ መኪናው ጎማ ሳይሆን ጀልባ ላይ ነው ያለው። መሪ ብታዞር አይሰማም፤ ፍሬን ብትረግጥ አይሰማም።

አዲስ ሲሆኑ የእነዚህ ጎማዎች ጥርስ 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት አለው። የአብዛኛው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ሕግ እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ይታገሣል። ስለ ዝናብ የሚጠነቀቁ ባለሙያዎች ግን ከ3 ሚሊ ሜትር በጥቂት እንዳለፈ ቀይሩ ይላሉ። ለዚህም በኪስ የሚገኝ መለኪያ አላቸው። ባለ 25 ሳንቲሟን የዋሽንግተንን ራስ ወደ ታች አድርገው ጥርሱ መካከል ይከቷታል። የራሱ ጫፍ ከተጋለጠ ለዝናብ የሚሆን ጥርስ የለም። በአንድ ሳንቲሟ ላይ ባለው ሊንከን ከለኩት ደግሞ የሊንከን ራስ ጫፍ ሲታይ ሕጉም ትዕግሥቱን ጨርሷል።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ነው ጋራዡ ጥግ የተደረደሩትን አራት አሮጌ ጎማዎች ያየሁት። የእህቴ ልጅ ያወለቃቸው ናቸው፤ የዚሁ የኮንቲኔንታል የቀድሞው ትውልድ። ላያቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ «አዲስ አበባ» ተብሎ በአማርኛ ተጽፎባቸዋል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ለማሙሽ ነው፣ ጋሼ። ኮንቴነር የሚጭን ሰው አግኝቻለሁ። ሐምሌ ላይ ይደርስለታል።»

ማሙሽ የምንለው ታናሽ ወንድሙን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም። ካዛንቺስ አካባቢ ይሠራ ነበር፤ አሁን ከአያት ተነስቶ በየቀኑ ከተማውን ያቋርጣል። አንዲት ያገለገለች ጀርመን ሠራሽ መኪና አለችው። ቸርኬዋ 18 ነው፤ ልኩ ልክ ነው።

አጎነበስኩና ፊደላቱን ፈለግኩ። «ቲ» የለችም። «ዲ» አለች። «ደብሊው» የለችም፤ አራቱም ላይ የለችም።

«ይሄ እኮ በዝናብ አትመኑኝ ይላል» አልኩት። «ሐምሌ ላይ ይደርሳል ትለኛለህ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እዚህ አገር ነገር ያጋንናሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሊሾ ጎማ ነው የሚሄደው? ይሄ ለአገር ቤት ይበቃል። ቅንጦት ነው እንዲያውም።»

እዚህ ላይ አንባቢ በልጁ ላይ እንዳይፈርድብኝ። ይህ ልጅ ወንድሙን ያስተማረ፣ እናቱን በየወሩ የሚጦር፣ ሰው ሲሞት ከሁሉ በፊት ገንዘብ የሚልክ ልጅ ነው። ያለውም ነገር ሐሰት አይደለም። ይህንን ለማረጋገጥ ማሙሽ ዘንድ ደወልንለት። ማስመሪያ ይዘህ ወደ መኪናህ ውረድ አልኩት። ፊተኞቹ 2 ሚሊ ሜትር፤ ኋለኞቹን ማስመሪያ ማስገባት አልተቻለም፣ ሊሾ ናቸው። ጎኑ ላይ በሞላላ ሳጥን ውስጥ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብብልኝ አልኩት። «1115» አለኝ። የ2015 እ.ኤ.አ. 11ኛ ሳምንት ማለት ነው። ጎማው ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። ሚሽሊን ራሱ አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም ይጣል ይላል። አንዳንድ መኪና አምራቾች ስድስት ዓመት ላይ ነው የሚያቆሙት።

«አዩ ጋሼ!» አለኝ ታላቅየው። «የኔዎቹ 3 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከሱ ጋር ሲነጻጸሩ አዲስ ናቸው።»

መልስ ጠፋኝ ልበላችሁ? በእርግጥም ይሻላሉ። ከሊሾ ጎማ ጋር ሲነጻጸር የማይሻል ጎማ የለም። ነገሩ የገባኝም ያኔ ነው።

«ለራስህ ስትገዛ ከምን ጋር ነበር ያነጻጸርከው?» አልኩት።

«ከሚሽሊን ጋር።»

«ለወንድምህ ስትልክስ?»

ዝም አለ።

ለራሱ ሲሆን ከሁሉ የተሻለውን ከሁሉ ከተሻለው ጋር አወዳድሮ፣ ባዶ ሜዳ ላይ አንዲት እርምጃ ለመለካት ቅዳሜውን አጠፋ። ለወንድሙ ሲሆን ግን ማወዳደሪያው ከሁሉ የባሰው ሆነ። ችግሩ ልቡ ላይ አይደለም፤ የማወዳደሪያው መነሻ ላይ ነው። ዝናቡ ደግሞ አያወዳድርም። የቤልትዌይ ዝናብና የቦሌ ዝናብ አንድ ዓይነት ውሃ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ውሃ እዚህም 3 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲያውም የእኛው መንገድ ይብሳል። የወራት አቧራና የፈሰሰ ዘይት ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጋር ተለውሶ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል የወረደ ያውቀዋል። በየመገናኛውም እግረኛው ከአስፋልቱ ላይ ነው ያለው፤ ሰልፉ ላይ፣ ታክሲ ጥበቃ ላይ። እዚያ ማዶ አንድ እርምጃ ማለት የክርክር ነጥብ ነው። እዚህ አንድ እርምጃ ማለት አንድ ሰው ነው።

«ለአገር ቤት ይበቃል» የሚለው አነጋገር ውጭ አገር ያሉት ብቻ የሚናገሩት እንዳይመስላችሁ። እኛም እዚሁ ሆነን እንለዋለን፤ «ለገጠር ይበቃል» ብለን። ከተማ ውስጥ ያረጀው ሚኒባስ ወደ ክፍለ ሀገር መስመር ይውጣ ሲባል ስንቴ ሰምተናል? የክፍለ ሀገር መንገድ ማለት ምን እንደሆነ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ይንገረን። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ እየተጠማዘዘ፣ እየጋለ፣ ስልሳ ሰው ጭኖ። ለዚያ መንገድ ነው እንግዲህ «ይበቃል» የምንለው። ሰልባጅ ኮት ብትልክልኝ አመሰግንሃለሁ፤ ቢበዛ ይበርደኛል። ጎማ ግን ኮት አይደለም። አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ አፏን ከፍተው ጥርሷን የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። እኛ ጥርስ የሌለው ነገር ላይ ልጆቻችንን እንጭናለን።

ይህ ጉዳይ ደግሞ እየቀለለ የሚሄድ አይደለም። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላች ነው። እነዚህ መኪኖች ባትሪያቸው ከባድ ነው፤ ገና ሲረገጡ በሙሉ ጉልበታቸው ነው የሚነሱት። ሁለቱም ጎማ ይበላሉ። ሰፋፊና ውድ ጎማ፣ ትላንት የስፖርት መኪና ብቻ የነበረ መጠን፣ ዛሬ የመንደራችን ጎሚስታ እጅ ውስጥ ነው። በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ የእነዚህ ሁሉ መኪኖች ጎማ ያልቃል። ያኔ ምን እናደርጋለን? ከምን ጋር ነው የምናወዳድረው?

የእህቴ ልጅ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ፕላስተሩን ልጦ አራቱን ጎማዎች ጎማ ወደ ገዛበት ሱቅ ወሰዳቸው። እዚያ አገር አሮጌ ጎማ የሚያስወግዱልህ አስከፍለው ነው፤ እያጉረመረመ ከፈለ። ለኮንቴነሩ የያዘውን ብር ከኪሱ ጨምሮበት ለወንድሙ ላከለት። ማሙሽ ሶማሌ ተራ ዞሮ ዞሮ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን አራት አዲስ ጎማ ገዛ። ከፋይ የመሰለ ጎን የላቸውም። «ደብሊው» የምትል ፊደልም የለባቸውም። 300 ኪሎ ሜትርም አይችሉም። ግን ቀናቸው «0824» ነው፤ የ2024 እ.ኤ.አ. 8ኛ ሳምንት። ጥርሳቸውም ሙሉ ነው። ከሚሽሊንና ከኮንቲኔንታል ጋር ቢወዳደሩ ይሸነፋሉ። ባዶ ሜዳ ላይ ብናቆማቸው በስንት እርምጃ እንደሚሸነፉ አላውቅም። ነገር ግን ዝናብ ሲጥል ውሃውን የሚያሾልክ ቦይ አላቸው።

ለዚህ ውድ ጎማ መግዛት አይጠበቅብንም። ማስመሪያ ይበቃል። ጥርሱ መካከል አስገብታችሁ 3 ሚሊ ሜትር ከሞላ ደህና፤ ካልሞላ ክረምቱ ሳይገባ አስቡበት። ከአራቱ ያለቀውን እንጂ ደህናውን አትለኩ። ባለ አራት አኃዙን ቁጥር አንብቡ፤ ሻጩ «አዲስ ነው» ቢልም ቁጥሩ አይዋሽም። ጎሚስታው ጎማውን በእግሩ ረግጦ «በቂ ነው» ሲላችሁ መለኪያ ይኑረው እንደሆነ ጠይቁት፤ ትክክለኛው የአየር መጠን የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይገኛል፣ የሚለካውም ጎማው ሳይግል ነው። የጎደለው አየር በዝናብ ቀን ጎማውን ቶሎ ያንሳፍፈዋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው መንገድ አራት እጥፍ እንደሚሆንም አትርሱ፤ ይህኛው ለሚሽሊንም ለኮንቲኔንታልም አይቀርም።

ሰኔ ሊገባ ነው፤ ማስመሪያ ይዛችሁ ውረዱ።